ባሕር አማራችሁ? መጀመሪያ ወሩን ምረጡ

ድሬዎች፣ ጅቡቲ ወርዳችሁ ባሕር ልትገቡ ካሰባችሁ ከቦታው በፊት ወሩን ምረጡ። እኔ "አቦ፣ ሙቀት ለምደናል" ብዬ አንዴ ሐምሌ ላይ ሄድኩ። የሰፈራችን የከዚራ ዓይነት የዛፍ ጥላ እዚያ የለማ! ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ፣ በዚያ ላይ ካምሲን የሚሉት አቧራ ያዘለ ደረቅ ነፋስ አለ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ቬንትሌተር ስር ተጋድሜ ተመለስኩ። ከኅዳር እስከ የካቲት ግን ሌላ አገር ነው የሚመስለው።

ከዚያ እንደ ጊዜያችሁ የሚስማማችሁን ቦታ ምረጡ። ለአንድ ቀን ከሆነ ሙሻ ደሴት፤ ከከተማው በጀልባ ነው። ጊዜ ያለው ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ ታጁራ አጠገብ ያለው ሳብል ብላን ይደር፣ ስሙም "ነጭ አሸዋ" ማለት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ አርታ በኩል ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ይመጣል፣ መጠኑ ያስደነግጣል እንጂ ሰው አይበላም። አሳልን ግን ከባሕር ዳርቻ እንዳትቆጥሩት። የጨው ሐይቅ ነው፣ ትንሽ ጭረት እንኳ ካለባችሁ ያንገበግባችኋል።

ባቡሩ የሚያወርዳችሁ ናጋድ ነው፣ ከመሃል ከተማ ወጣ ይላል። ለታክሲ የሚሆን ፍራንክ ቀድማችሁ ያዙ።