ኪችን ካቢኔት ሳይገዙ ጠባብ ኩሽና ማስፋት

ድሬዳዋ ላይ ከኪራይ ቤት ጋር የሚሰጥ ኩሽና ብዙውን ጊዜ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። ከላይ ቆርቆሮ፣ ከውስጥ ምጣድ፣ ሙቀቱን ለመናገር አፍ የለኝም። ሲጠብበን ቶሎ የሚመጣልን ሐሳብ ካቢኔት ማሠራት ነው። እኔ አልመክርም። ኩሽና ሰፊ የሚመስለው ወለሉ ሲታይ ነው። ካቢኔት ደግሞ ቀድሞ የሚይዘው ወለሉን ነው። ጎረቤቴ በቺፕውድ ያሠራችው ካቢኔት ወለል በታጠበ ቁጥር ውሃ እየጠጣ እግሩ አብጦ፣ በሩ አልዘጋ አለ። ከጀርባው የወጣውን በረሮ ባልነግራችሁ ይሻላል።

በመጀመሪያ ዕቃውን በሙሉ ወደ ግቢ አውጡ። ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ ጀምሩ። በየቀኑ የምትጠቀሙበትን፣ አልፎ አልፎ የምታወጡትን፣ ለበዓልና ለድግስ ብቻ የሚወርደውን ለዩ። እጀታው የወለቀ ድስትና «አንድ ቀን ይጠቅማል» ተብሎ የተቀመጠ የዘይት ጀሪካን ከሦስቱም አይገቡም። ቆራሌው ሲያልፍ ይውሰዳቸው።

ቤቱ ባዶ እያለ ግድግዳውን በኦሞና ሞቅ ባለ ውሃ እጠቡ። ጥላሸትና ቅባት ላይ የተቀባ ቀለም ትንሽ ቆይቶ ቢጫ ያወጣል። ግድግዳው ኖራ ከሆነ የሚራገፈውን ፍቃችሁ ስቱኮ ምቱት። ከዚያ ክሬም ወይም ነጭ የዘይት ቀለም ቀቡት፤ ያብረቀርቃል፣ የወጥ ፍንጣሪም በጨርቅ ይለቃል። ኮርኒስ ካለም በዚያው ቀለም ይሁን። አከራዮች የሚወዱትን «ከወገብ በታች ቡናማ፣ ከላይ ነጭ» የሚባለውን ነገር ተዉት። ግድግዳውን ለሁለት ቆርጦ ቤቱን ያሳጥረዋል። ጥቁር የሚያብረቀርቅ ሴራሚክም ድሬ ላይ አያዋጣም። ውሃችን ጨዋማና ከባድ ስለሆነ ጠብታው ሲደርቅ ነጭ ምልክት ይተዋል፤ ቀኑን ሙሉ ስትወለውሉ ትውላላችሁ።

ዋናው ሥራ መደርደሪያው ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ የሐረሪ ቤት ገብታችሁ ከሆነ ግድግዳ ምን ያህል እንደሚሸከም አይታችኋል። ስፌቱም ሳህኑም ግድግዳ ላይ ነው፤ ሌላውን ዕቃ ደግሞ ግድግዳው ውስጥ የተሠሩት ክፍተቶች ይይዙታል። ያንን ሐሳብ ነው ወደ ኩሽና የምናመጣው። ችግሩ የእኛ ግድግዳ እንደዚያ ወፍራም አይደለም።

ስለዚህ ከመብሳታችሁ በፊት ግድግዳውን በጣታችሁ አንኳኩ። ብሎኬት ከሆነ ክፍት ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ ባዶ ነው። እዚያ ላይ ተራ ፊሸር (ብሎን የሚነክስበት ፕላስቲክ) ከገባ ይሽከረከራል እንጂ አይነክስም። ለጊዜው የያዘ ይመስላል፣ ሽሮና በርበሬው ሲደረደርበት ግን ከነልስኑ ይወርዳል። መፍትሔው ክብደቱን ማከፋፈል ነው። ሁለት ጠንካራ ጣውላ በቁመት አቁማችሁ እያንዳንዱን አራት ቦታ እሰሩት፤ መደርደሪያውን የምታስሩት ጣውላው ላይ እንጂ ግድግዳው ላይ አይደለም። ስትበሱ የድሪሉን የመዶሻ ምት አጥፉና በመዞር ብቻ ይብሳ። ምቱ የብሎኬቱን ስስ ግድግዳ ያፈርሰዋል፣ የ8 ቁጥር ቀዳዳም ጡጫ ያስገባል። ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) የሚያልፍበትን ቦታ ካገኛችሁ እሱን ምረጡ፤ ድፍን ስለሆነ ጥሩ ይይዛል። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ በላይም ሆነ በታች ግን አትብሱ፤ ሽቦው በዚያ መስመር ነው የሚያልፈው።

ጭቃ ቤት ከሆነ ልስኑን እርሱት። ደረቅ ድምፅ የሚሰጠውን ቦታ በማንኳኳት እንጨቱን ፈልጉና እሱ ላይ ምቱ። የድንጋይ ግድግዳ ላይ ከመታገል ደግሞ ከቱቦላሬ ጠባብ መደርደሪያ አስበይዱ። እንዲያውም ተከራይ ከሆናችሁ ከሁሉም እሱን እመርጣለሁ። አከራይ ሳታስፈቅዱ ይቆማል፣ ቤት ስትቀይሩም አብሯችሁ ይሄዳል። እግሩ ቀጭን ስለሆነ ወለሉን አይሸፍንም።

ፊታችሁ ትክክል የሚመጣው መደርደሪያ ጥልቀቱ ከ20 ሴንቲ አይብለጥ። ከዚያ ከወፈረ ግንባር ይመታል፣ ቤቱንም ያጨልማል። የድግስ ድስቶች ከበሩ በላይ ይውጡ። ጭልፋና ወንፊት በሜንጦ ይሰቀሉ። የቅመም ዕቃ ቀፊራ ገበያ ሄዳችሁ አንድ ዓይነት ክዳን ያለው ግዙ። ቅርጹ የተዘበራረቀ ዕቃ፣ ቦታ ባይዝም ዓይን ያጣብባል።

ምጣዱስ? አቦ፣ እሱ ነው ግማሹን ቤት የሚበላው። ቦታ ለመቆጠብ በጎኑ አታቁሙት፤ ሸክላው ይሰነጠቃል። አክንባሎውን ግድግዳ ላይ ስቀሉት። ምጣዱ በደንብ ሲበርድና ስፒናው ሲነቀል ደግሞ በልኩ የተቆረጠ ጣውላ አልብሱት፤ ሽንኩርት መክተፊያ ሆነላችሁ። ስፒናው ተሰክቶ እያለ ግን ጣውላው አይነካው። ቦታውን መቀየር ካማራችሁም መጀመሪያ ሶኬቱን አስቡ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፒር አካባቢ ማለት ነው። የቴሌቪዥን ዲቫይደር ይህን ሲሸከም ይቀልጣል። የራሱ መስመር በኤሌክትሪሺያን ይዘርጋለት።

ውሃ የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆናችሁ ጀሪካን አይቀርም። ባለ 20 ሊትሩ ሲሞላ 20 ኪሎ ስለሆነ ግድግዳ ላይ አይወጣም። የቱቦላሬው ታችኛው ክፍል ሥር በአንድ ረድፍ አስገቡት፣ ከምጣዱ ራቅ አድርጋችሁ። በርሜሉን ወደ ውጭ ማውጣት ብዙ ቦታ ያስለቅቃል፤ ግን ክዳኑ ግጥም ይበል። በ2011 ክረምት ድሬን በቺኩንጉንያ ያስተኛት ትንኝ የሚራባው እንዲህ ባለ የተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ነው።

በመጨረሻ በሩ። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ሲዞር የሚጠርገው ቦታ ሁሉ ለዕቃ የማይሆን ቦታ ነው። አናጺ ጠርታችሁ ማጠፊያውን አስቀይሩና ወደ ውጭ ይከፈት። ብዙ ሰው በሩን አንስቶ መጋረጃ ይሰቅላል፤ ነፋስ ስለሚያስገባ ለድሬ ሙቀት ጥሩ ነው፣ እሳቱ አጠገብ እስካልሆነ ድረስ። በሩን ካስቀራችሁትና ባለ ሲሊንደር ቡታጋዝ የምትጠቀሙ ከሆነ ከሥሩ ክፍተት ይኑረው። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈተልክ ወለል ላይ ነው የሚተኛው፤ መውጫ ይፈልጋል።