መንገድ ሲሰፋ የሚነሱ ነዋሪዎችን በፍትሃዊነት መልሶ ማስፈር፦ ዕቅዱ እንዴት ይሠራል?

ችካል ተተክሎ፣ አጥር ላይ ቀይ ቀለም ከተቀባ በኋላ የሚጀመር የመልሶ ማስፈር ዕቅድ ዘግይቷል። ያን ጊዜ ሰው ደንግጧል። ወሬው ከመረጃው ቀድሟል። ኮንትራክተሩም ማሽኑን አቁሞ "ቦታው ይለቀቅልኝ" እያለ ነው። በዚህ ሁሉ ጥድፊያ መሃል የሚጎዳው ድምፁ ዝቅ ያለው ሰው ነው።

ባሕር ዳር መንገዷን እያሰፋች ነው። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ብቻውን 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው። የኮሪደር ልማቱም አለ። መንገድ ያስፈልገናል፤ በዚህ አልከራከርም። የምከራከረው ለመንገዱ ቤቱን የለቀቀው ሰው ከበፊቱ ደህይቶ መቅረት የለበትም ብዬ ነው። በንብረት ቆጠራ ላይ የነዋሪ ተወካይ ሆኜ ሠርቻለሁና፣ ያየሁትን ለተነሺ ኮሚቴ አባላትና ይህ ሥራ ለተሰጣችሁ የክፍለ ከተማ ባለሙያዎች ላካፍል።

1. ሕጉን ያዙ

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 ላይ፣ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ አስቀድሞ መክፈል እንዳለበት ይናገራል። አንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት ለተፈናቀሉት ብቻ ሳይሆን ኑሯቸው ለተነካባቸውም ሰዎች ማካካሻ የማግኘት መብት ይሰጣል። ይህ ሁለተኛው ለዕቅዳችሁ ትልቅ መሠረት ነው። ቤቱ ሳይነካ ገበያው የጠፋበትን ሰው ጉዳይ የምታነሱት በዚህ በኩል ነው።

ዝርዝሩ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 እና ደንብ ቁጥር 472/2012 ላይ አለ። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ማሻሻያው ካሳ የመክፈሉን ኃላፊነት ወደ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች ስላዞረው፣ አሮጌውን ቅጂ ብቻ ይዛችሁ ስብሰባ አትግቡ። "ገንዘቡ በማን በጀት ተያዘ?" የሚለው ጥያቄ ከሁሉም ይቅደም። መልስ ከሌለው ቆጠራውም ሆነ ግምቱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

በአዋጁ መሠረት ተነሺዎችን ማወያየት የሚጀመረው በመደበኛው አሠራር ቦታውን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ነው። ካሳ ወይም ምትክ ይቀድማል፣ መልቀቅ ይከተላል። ቤት ያለበት ይዞታ ከሆነ ካሳው ከተከፈለ በኋላ 120 ቀን አለ። እነዚህን በትልቁ ጽፋችሁ የዕድር ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

2. የሚተርፍ ቤት ካለ አትርፉ

ርካሹ መልሶ ማስፈር ያልተነሳው ቤት ነው። ዲዛይኑ ገና እርሳስ ላይ ሳለ መሐንዲሱን ጠይቁ። መስመሩ ወደ ባዶው ጎን ትንሽ ቢገፋ ስንት ቤት ይተርፋል? ማስፋቱ በአንድ ወገን ብቻ ቢሆንስ? በሁለቱም ወገን ሲቆረጥ ከየግቢው ጫፍ ጫፉ ይሄድና ለማንም የማይሆን ቁራጭ ይቀራል። የተረፈው ቁራጭ ለመኖሪያ የማይበቃ ከሆነ ሙሉው ግቢ እንደተነሳ ተቆጥሮ ይታቀድ።

3. ቆጠራው፦ ሁሉም ነገር የሚበላሸውም የሚስተካከለውም እዚህ ነው

ካሳ አነሰ፣ ምትክ ቦታ ራቀ፣ እገሌ ተረሳ የሚለው ቅሬታ ሁሉ ሲጎተት የሚደርሰው ቆጠራ ላይ ነው። ያልተቆጠረ ነገር አይገመትም። ያልተገመተ አይከፈልም።

መጀመሪያ የቆጠራ መዝጊያ ቀን ይወሰን። ከዚያ ቀን በኋላ የተሠራ ቤት ወይም የገባ ሰው አይመዘገብም። ይህ ለነዋሪውም ጥበቃ ነው፤ በአንድ ሌሊት የሚበቅሉ ጨረቃ ቤቶች የእውነተኛውን ተነሺ ድርሻ ይሻማሉ። ቀኑ ግን ሰው ሁሉ ሰምቶት መሆን አለበት። ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ጥሩ ነው፤ አይበቃም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ በዕድር ጥሩምባ ይነገር። ቅዳሜ ገበያ ላይም በድምፅ ማጉያ ይዙርበት።

ቀጥሎ የምትቆጥሩት ምን እንደሆነ ተስማሙ። የተለመደው ቅጽ ግድግዳ፣ ወለል፣ ቆርቆሮና አጥር ይጠይቃል። አንድ የመንገድ ዳር ግቢ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። ከፊት ለፊት አንድ ክፍል አለ፤ ግማሹ ልብስ መስፊያ፣ ግማሹ የጀበና ቡና። በጓሮ የጭቃ ሰርቪስ ቤቶች ተደርድረዋል። በአንዱ የቀን ሠራተኞች ደባል ሆነው ይኖራሉ፤ በሌላው ባሏ የሞተባት ሴት ልጆቿን ይዛ ተከራይታለች። ጥግ ላይ በብሎኬት የተገነባ የውሃ ጉድጓድ፣ ከጀርባው ሽንት ቤት፣ መሃል ላይ ፍሬ የያዘ ማንጎ። የባለቤቱን ስም ጽፎ ክፍል ቆጥሮ የወጣ ቆጣሪ ከዚህ ግቢ ግማሹን እንኳ አላየም።

አንድ ወጣት ቆጣሪ ቡና የሚያፈሉ እናትን "እማማ፣ ሌላ የሚመዘገብ ንብረት አለዎት?" ሲላቸው ሰምቻለሁ። በረንዳው ላይ ወደተቀመጡት ሰዎች በእጃቸው አሳዩትና "ልጄ፣ እኔ ያለኝ እነዚህ ናቸው። የት ላይ ትጽፋቸዋለህ?" አሉት። ቅጹ ላይ ቦታ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ቅጽ ሲዘጋጅ የማልደራደርበት ነገር "ከዚህ ቦታ ላይ በምን ትተዳደራለህ?" የሚል ዓምድ ነው። የቀን ገቢ፣ ደንበኛ ከየት እንደሚመጣ፣ ንግድ ፈቃድ መኖር አለመኖሩ ይጻፍ። ፈቃድ የሌለውም ይመዝገብ። ጉሊት ያለች ሴት ፈቃድ የላትም ተብሎ ጉሊቷ አልነበረም አይባልም።

ለየቤቱ ሳይሆን ለየቤተሰቡ አንድ ቅጽ ይሞላ። ባለይዞታ፣ የቀበሌ ቤት ተከራይ፣ የግል ተከራይ፣ ደባል፣ ሰነድ አልባ፣ ቤት ሳይኖረው እዚያ የሚነግድ፤ ለእያንዳንዱ የተለየ ምልክት ይሰጠው። መብታቸው እኩል አይደለም፣ ሆኖም ሁሉም ይነሳሉ። መንገዱ በዓለም ባንክ ገንዘብ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ግዴታ ነው። የባንኩ ደንብ ከመዝጊያው ቀን በፊት እዚያ የነበረ ሰው የመሬት ሰነድ ባይኖረውም ለሠራው ቤት ካሳ፣ ለመቋቋሚያም ድጋፍ እንዲያገኝ ይጠይቃል።

የሐይቁ ዳር ሲሆን ጥንቃቄው ይጨምራል። ጣና ዳር የሚኖረው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከደንገል ታንኳና ሰፌድ እየሠራ ይኖራል። ቤቱን ብቻ ብትገምቱ ጭቃና ሣር ነው፤ የሚወጣው ብር ለምንም አይሆንም። የእነሱ ሀብት ደንገሉ፣ ማድረቂያው ሜዳና ታንኳ የሚያስጠጉበት ዳር ነው። እርጥብ ደንገል ከባድ ነው፤ በጀርባ ተሸክሞ ከተማ አቋርጦ መሄድ አይቻልም። ስለዚህ ለእነዚህ ቤተሰቦች "ከውሃው ዳር እስከ ቤቱ በእግር ምን ያህል ይወስዳል?" የሚለው ቅጹ ላይ ይግባ፣ ምትክ ቦታውም በዚያው ይመዘን። ከዘጌ በታንኳ እንጨት አምጥቶ ለሚሸጥም እንዲሁ። ዓሣ አጥማጁም አምባዛና ቆሮሶውን የሚያወርድበት ቦታ ይመዝገብለት።

ቆጠራው ማታም ይሁን። ቀን ላይ ሠራተኛው የለም፣ ተከራዩ የለም፤ የሚገኘው ባለቤቱ ነው፣ ባለቤት ደግሞ አንዳንዴ ተከራይ የለኝም ይላል። ባልና ሚስት ሁለቱም ይፈርሙ። ፎቶ ይነሳ። ቅጹ በካርቦን በሁለት ቅጂ ተሞልቶ አንዱ እዚያው ለነዋሪው ይሰጥ። ታብሌት ፈጣን ነው፣ ለማጠቃለልም ይመቻል፤ ነገር ግን ሰው እጅ ላይ የሚቀር ወረቀት አይሰጥም። ወሰን ለመለካት የስልክ ጂፒኤስን አትመኑ። በጥቂት ሜትሮች ይስታል፤ ጠባብ ግቢ ላይ ጥቂት ሜትር ማለት አንድ ክፍል ነው። ቶታል ስቴሽን የሚባለው የቀያሾች መሣሪያ ከሌለ ተራው የመለኪያ ሜትር ይሻላል።

በመጨረሻ ዝርዝሩ በአደባባይ ይለጠፍ። ጎረቤት የረሳነውን ያስታውሰናል፤ የተጨመረውንም ያጋልጣል።

4. ግምት

ለቤት የሚከፈለው ያንኑ ቤት ዛሬ ለመሥራት የሚያስፈልገው ወጪ ነው። "አሮጌ ነው" ተብሎ አይቀነስ። የሲሚንቶ፣ የብረት፣ የቆርቆሮና የአናጢ ዋጋ ከባሕር ዳር ሱቆችና ሠራተኞች በጽሑፍ ይሰብሰብ። ግምቱ ወጥቶ ክፍያው ከዘገየ ዋጋው እንደገና ይታይ የሚል አንቀጽ ዕቅዱ ውስጥ ይግባ። እንዲህ ካልሆነ ለሦስት ክፍል የተገመተው ብር ለአንዱም ሳይበቃ ይቀራል። የውሃና የመብራት ቆጣሪ ማዛወሪያ፣ ሽንት ቤት፣ ጉድጓድና ዛፍ ለየብቻ ይገመቱ። ያፈራ ማንጎና ትናንት የተተከለ ችግኝ በአንድ ዋጋ አይሄዱም።

ምትክ ቦታ ለሚሰጠው የከተማ ባለይዞታ አዋጁ የሁለት ዓመት የቤት ኪራይ ግምትም ይፈቅድለታል፤ ቤቱን እስኪሠራ የሚኖርበት ነው። ተከራዮችን ግን ዕቅዱ ራሱ ያስብላቸው። ቢያንስ የመጓጓዣና ኪራይ ፈልገው እስኪገቡ ድረስ የሚይዛቸው ገንዘብ ይመደብላቸው።

እንደ ዘንዘልማና መሸንቲ ባሉ የከተማው ዳርቻዎች መንገዱ እርሻ ላይ ሲያልፍ ስሌቱ ሌላ ነው። ተመጣጣኝ ምትክ መሬት የማያገኝና ለዘለቄታው የሚለቅ አርሶ አደር፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው የዓመት ገቢ ከፍተኛው በ15 ተባዝቶ የመፈናቀያ ካሳ ይከፈለዋል። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ እጅ ሲገባ ብዙ ይመስላል። ከክፍያው በፊት ከቤተሰቡ ጋር በምን ሥራ እንደሚተዳደሩ መነጋገርና ስልጠና መስጠት ያስፈልጋል፤ ከክፍያው በኋላ የሚሰጥ ስልጠና ብሩ ካለቀ በኋላ ይደርሳል። ካሳው በባልና ሚስት የጋራ ሂሳብ ይግባ።

5. ምትክ ቦታ

ቦታውን በበጋ አይታችሁ አትፈርሙ። በሐምሌ ሂዱ። ዋልካ አፈር ላይ በሐምሌ ባጃጅ ይገባል? ከሐይቁና ከዓባይ የሚሞላው ውሃ የት ይደርሳል? ውሃና መብራት "ይገባል" ሳይሆን ገብቷል ወይ? ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ብዙ ሠራተኛና ተማሪ በብስክሌት ይንቀሳቀሳል። አንድ ሰው ከአዲሱ ቦታ በብስክሌት ተነስቶ ጠዋት ሥራው፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመለስና ይንገራችሁ። ካርታ ላይ በማስመሪያ ከሚለካው ርቀት ይህን እመርጣለሁ።

ዕጣውን በጎረቤት አውጡ። ብዙ ቦታ ዕጣ በግለሰብ ይወጣና የአንድ ዕድር ሰው በአራቱም ማዕዘን ተበትኖ ይቀራል። ለቅሶ የሚደርስ፣ ልጅ የሚጠብቅ፣ ዕቁብ የሚጥል ሰው አብሮ ይጠፋል። ነዋሪዎቹ ራሳቸው ከማን ጋር መሆን እንደሚፈልጉ ተመካክረው ቡድን ይመሥርቱ፤ ዕጣው ለቡድኑ ብሎክ ይውጣ። መንገድ ዳር ይነግዱ ለነበሩት ደግሞ የመንገድ ዳር ቦታዎች ለብቻ ተለይተው በመካከላቸው ዕጣ ይውጣ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ዕጣ ውስጥ ሳይገቡ ምድር ቤቱን ይውሰዱ።

6. ቅሬታ

አዋጁ የማስለቀቂያ ትዕዛዙ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚ አካል፣ ከዚያ በ30 ቀን ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያም ለከፍተኛ ፍርድ ቤት መሄድን ይፈቅዳል። ቀኑ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከደረሰበት ጀምሮ ስለሆነ የደረሰበት ቀን ተጽፎ ይፈረም። ማመልከቻ ስታስገቡ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱ፤ "አስገብቻለሁ" ብሎ በቃል መሟገት የትም አያደርስም። ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ ኮሚቴው ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ይመድብላቸው።

7. ማንሳት፣ ከዚያም መከታተል

በክረምት ቤት አይፍረስ። ልጆች ፈተና ላይ ሳሉም አይሁን። መኪናው በፕሮጀክቱ ይቅረብ፣ ቆርቆሮውንና በሩን ባለቤቱ ነቅሎ ይውሰድ።

ከተነሱ ከስድስት ወር በኋላ፣ ደግሞም ዓመት ሲሞላ፣ ያንኑ የቆጠራ ቅጽ ይዛችሁ ሂዱ። ያው ጥያቄ ይጠየቅ፦ በምን ትተዳደራለህ? የቀን ገቢህ ስንት ነው? ልጆች ትምህርት ላይ ናቸው? መልሱ ከመጀመሪያው ቅጽ ካነሰ የዚያ ቤተሰብ ፋይል አይዘጋም፤ ድጋፉ ይቀጥላል። ለዚህ ክትትል የሚሆነው ሰውና ገንዘብ ከመንገዱ በጀት ጋር ገና ከጅምሩ ይያዝ። ኮንትራክተሩ ሥራውን አስረክቦ ከሄደ በኋላ የሚጠየቅ በጀት አይገኝም።