ከቤት ግብርና ከቦታ ኪራይ ነፃ የመሆን ጥያቄን እንዴት በአግባቡ መምራት ይቻላል?

ሐምሌ 1 የበጀት ዓመቱ ሲጀምር በጎጃም ከተሞች፣ ደብረ ማርቆስም ሆነ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ሞጣ፣ የግብር መስኮቱ ፊት ሰልፍ አይጠፋም። አብዛኛው ሰው ከፍሎ፣ ደረሰኙን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይሄዳል። ጥቂቱ ግን «ይህ ቤት ግብር አይመለከተውም» የሚል ማመልከቻ ይዞ ይመጣል። ይህ ጽሑፍ እነዚያን ማመልከቻዎች የሚያዩ ባለሙያዎችን ለሚመራ ሰው ነው። ባለጉዳይም ቢያነበው ከቢሮ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቅበታል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ከባለሙያዎችዎ ጋር ይስማሙ። ነፃ የሚወጣው ንብረቱ ነው፣ ባለቤቱ አይደለም። «እሳቸው የተከበሩ አባት ናቸው»፣ «ድርጅቱ ብዙ በጎ ነገር ሠርቷል» የሚሉት ወሬዎች ፋይል ውስጥ ቦታ የላቸውም። የሚጠየቀው ቤቱና ቦታው ዛሬ ለምን አገልግሎት እንደዋለ ነው።

ሕጉን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ

ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረው የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር አዋጅ ቁጥር 80/1968 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት የሕዝብ መንገድና አደባባይ፣ መናፈሻ፣ የመቃብር ቦታ፣ የአምልኮ ቦታ፣ ከመንግሥት በጀት የሚተዳደሩ መሥሪያ ቤቶች፣ ለትርፍ ያልቆሙ ትምህርት ቤቶች፣ ሆስፒታሎችና የበጎ አድራጎት ተቋማት ነፃ ይሆናሉ። የዓመት ኪራይ ግምቱ ከ300 ብር በታች የሆነ መኖሪያ ቤትም ከቤት ግብር ነፃ ነው። በ2017 ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ በፌዴራል ደረጃ ጸድቋል። ስለዚህ ከክልል የሚወርዱ ደንቦችንና መመሪያዎችን በየጊዜው እየተከታተሉ ለባለሙያዎችዎ ማደል የእርስዎ ሥራ ነው።

ባለሙያው ሕጉን የሚያውቀው በወሬ ከሆነ ሁለት መስኮት ላይ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጣል። አንድ ገጽ ሰንጠረዥ ያዘጋጁ። የንብረቱ ዓይነት፣ የሚመለከተው አንቀጽ፣ የሚቀርበው ማስረጃ፣ አጣሪው ማን እንደሆነ ይጻፍበት። ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ባለጉዳዩም ያንብበው።

ማመልከቻው ሲገባ

ማመልከቻ እጅ ለእጅ አይቀበሉ። መዝገብ ቤት ገብቶ፣ ገቢ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት፣ ቁጥሩ በቁራጭ ወረቀት ለአመልካቹ ይሰጥ። ቁጥር የሌለው ማመልከቻ ቢጠፋ ማንም አይጠየቅበትም።

ሰውን የሚያንገላታው ትልቁ ነገር ማስረጃ በየተራ መጠየቅ ነው። ዛሬ «ካርታው ኮፒ የለውም» ይባላል። በሚቀጥለው «የቀበሌ ደብዳቤ ይቀራል»። ከዚያ «የባለፈው ዓመት ደረሰኝ የት አለ?»። ካርታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ከከተማው ዳር በእግራቸው የመጡ እናት ይህን ሦስት ጊዜ ሲሰሙ መብታቸውን ትተው ይከፍላሉ። ባለሙያዎ እንዲህ ማለት ይልመድ፦ «እማማ፣ ካርታው ደህና ነው። የቀሩት ሁለት ወረቀቶች ናቸው፤ ሁለቱንም እዚህ ላይ ጽፌልዎታለሁ። ይዘው ሲመጡ ሰልፍ አይያዙ፣ ቀጥታ ወደ እኔ ይምጡ።» የጎደለው ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ በጽሑፍ። በዚህ ጉዳይ ላይ ቆፍጠን ይበሉ።

ቦታው ላይ ሳይሄዱ አይወስኑ

የሥራው ልብ እዚህ ነው። ወረቀት ላይ ያለው ግቢና መሬት ላይ ያለው ግቢ ብዙ ጊዜ ይለያያሉ።

ቤተ ክርስቲያንን እንውሰድ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ ስማቸው የታወቀ ነው፤ የአብነት ተማሪ የሚያድርበት ጎጆ በየደብሩ ዙሪያ ይታያል። ከተማ ውስጥ ያለ ደብር ሲሆን ያ ጎጆ የትምህርቱ አካል ነው፤ ከግቢው ነጥሎ ግብር ልጣልበት ማለት አግባብ አይመስለኝም። በዚያው አጥር በመንገድ በኩል የተሠሩት የኪራይ ሱቆች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ሞባይል የሚሸጥበት ክፍል የጸሎት ቦታ አይሆንም። ሁለቱን ለይተው ይለኩ፣ ለይተው ይወስኑ። «ሁሉም ነፃ» ወይም «ሁሉም ይክፈል» የሚል ውሳኔ ሲመጣልዎት ባለሙያው ቦታውን ማየቱን ይጠራጠሩ።

የእድር ቤትም እንዲሁ ነው። ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት የሚቀመጥበት መጋዘን አለ። አዳራሹ ደግሞ ለሠርግ ይከራይ ይሆናል። የእድሩን ዳኛ በአክብሮት ይጠይቁ፣ የኪራይ ውል ካለ ይመልከቱ። ከዚያ በየትኛው አንቀጽ ሥር እንደሚወድቅ ይመርምሩ። «እድር ስለሆነ» ብቻውን ምክንያት አይሆንም።

ለጉብኝቱ ሁለት ሰው ይላኩ። አንዱ ሜትር ይይዛል፣ ሌላው ይመዘግባል። ይዘው የሚመለሱት እነዚህን ነው፦

- ክፍሎቹንና አገልግሎታቸውን የሚያሳይ የእጅ ንድፍ፣ ከነካሬ ሜትሩ
- ቀኑ የሚታይበት የስልክ ፎቶ
- ግቢው ውስጥ የተገኘው ሰው የፈረመበት ቃለ ጉባኤ

ሪፖርቱ ላይ «ታይቷል» የሚል አንድ ቃል ብቻ ካለ ይመልሱት። ማን አየው? መቼ? ምን አየ?

የ300 ብሩ ነገር

በዓመት 300 ብር ማለት በወር 25 ብር ነው። ዛሬ በገበያ ዋጋ በ25 ብር የሚከራይ ክፍል በማርቆስም በሞጣም የለም። ስለዚህ በዚህ ምክንያት ነፃ የተባለ ቤት ፋይሉ ላይ ያለው ግምት የቆየ ነው ማለት ነው። ግምቱ መቼ እንደተሠራና ከዚያ ወዲህ ቤቱ ላይ ምን እንደተጨመረ ይታይ። የድሮው ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት አሁን ብሎኬት ሰርቪስ ተጨምሮበት እየተከራየ ከሆነ የድሮው ግምት አይሠራም። በአንጻሩ ቤቱ እንደነበረ ካለ፣ ባለሙያው ከገበያ በሰማው ዋጋ ብቻ ተነስቶ የቤቱን ነፃነት ማንሳት አይችልም። ግምት የሚለወጠው በግምት ሥርዓት ነው።

ደግሞም የቤት ግብር በቤቱ፣ የቦታ ኪራይ በመሬቱ ላይ የሚከፈሉ ስለሆኑ ለየብቻ ናቸው። በ300 ብሩ ምክንያት ከቤት ግብር ነፃ የሆነ ቤት የቦታ ኪራዩ ይቀጥላል። ባለሙያው ይህን ካላስረዳ በዓመቱ ውዝፍ ሲመጣ ጭቅጭቅ ይነሳል።

ውሳኔው በጽሑፍ ይሁን

የተቀበለው ባለሙያ፣ ያጣራውና የወሰነው አንድ ሰው አይሁኑ። ሠራተኛ ቢያንስዎ እንኳ ውሳኔውን ከማጣራቱ ይለዩ። የባለሙያው ዘመድ ወይም አበልጅ ጉዳይ ከሆነ ፋይሉ ለሌላ ይተላለፍ፤ ትንሽ ከተማ ላይ ይህ ያጋጥማል፣ ማንንም ማሳፈር አያስፈልግም። ከላይ «ይቺን ነገር እይልኝ» የሚል ስልክ ከመጣ «በደብዳቤ ይላኩልኝና ፋይሉ ላይ ይያያዝ» ይበሉ።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ለምሳሌ፦ «ባቀረቡት ማመልከቻ መሠረት ግቢው በባለሙያ ታይቷል። ለማስተማሪያ የሚያገለግሉት ክፍሎች ነፃ ሆነዋል። በመንገድ በኩል ያሉት አራት ሱቆች የሚከራዩ በመሆናቸው ግብራቸው ይከፈላል። በውሳኔው ካልተስማሙ ለግብር ቅሬታ ሰሚ አካል ማመልከት ይችላሉ።» በዚህ ላይ አንቀጹን ይጨምሩበት፣ ወጪ ቁጥርና ማህተም ያድርጉበት። የተፈቀደለትም ቢሆን ይህንኑ ያግኝ። «ተፈቅዶልሃል፣ ሂድ» ተብሎ በቃል የተሸኘ ሰው ባለሙያው ሲቀየር እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ከፈረሙ በኋላ

በየወሩ ጥቂት ፋይሎች ከመደርደሪያ በዘፈቀደ ያውጡ። የተፈቀዱትንም የተከለከሉትንም። ገቢ ቀኑንና ወጪ ቀኑን ያነጻጽሩ፤ ፋይሉ የተኛው ማን ጋ እንደሆነ ወዲያው ይታያል። ተመሳሳይ ሁለት ቤቶች የተለያየ ውሳኔ አግኝተው ከሆነ ሁለቱን ባለሙያዎች አንድ ላይ ያነጋግሩ።

ነፃነት አንዴ ከተሰጠ ለዘላለም አይደለም። ክሊኒኩ ተዘግቶ ግቢው ለጋራዥ ተከራይቶ ይሆናል። ሰኔ 30 ዓመቱ ሳይዘጋ የነፃ ይዞታዎችን ዝርዝር ለየቀበሌው ልከው ለውጥ ካለ ያስመዝግቡ።

ከቦታው ሲዛወሩም ለተረካቢው ቁልፍ ብቻ አይስጡ። ያልተወሰኑትን ማመልከቻዎች በገቢ ቁጥራቸው ዘርዝረው፣ እያንዳንዱ የት እንደደረሰ ጽፈው፣ ፊት ለፊት ቆጥረው ያስፈርሙ።