ትንንሽ የወርቅ ሳንቲም ሲገዙ፦ ሒሳቡ፣ ሚዛኑና የውሃው ፈተና

ትንሽ የወርቅ ሳንቲም ሲገዛ ትርፉም ኪሳራውም ባብዛኛው የሚወሰነው በግዢው ዕለት ነው። የወርቅ ዋጋ ነገ ይወጣ ይውረድ ማንም አያውቅም። ዛሬ በአንድ ግራም ንጥር ወርቅ ላይ ምን ያህል ተጨማሪ እንደሚከፈልና የሚገዛው ነገር በእርግጥ ወርቅ መሆኑን ግን ከመክፈል በፊት ማወቅ ይቻላል።

የወርቅ ገበያ የሚጠቀምበት መለኪያ ትሮይ አውንስ ሲሆን 31.103 ግራም ይመዝናል። የምግብ ሚዛን ላይ የሚታየው አውንስ ሌላ ነው፤ 28.35 ግራም ብቻ ነው። ሁለቱን ማምታታት ወደ አሥር በመቶ የሚጠጋ ስሕተት ስለሚያመጣ፣ ገና ሲጀምሩ ሁሉንም ነገር ወደ ግራም ይቀይሩ።

ሌላው ግራ የሚያጋባው የወርቁን ንጥረት የሚናገረው ካራት ነው፤ 24 ካራት ማለት ንጥር ወርቅ ነው። የደቡብ አፍሪካው ክሩገራንድና የአሜሪካው ኢግል ባለ 22 ካራት ናቸው። የካናዳው ሜፕል ሊፍና የኦስትሪያው ፊልሃርሞኒክ ባለ 24 ካራት ናቸው። ይህ ማለት ግን ክሩገራንድ ውስጥ ያለው ወርቅ ያንሳል ማለት አይደለም። የአንድ አሥረኛ አውንስ ክሩገራንድ ጠቅላላ ክብደቱ 3.39 ግራም ነው፤ ከዚህ ውስጥ 3.11 ግራሙ ንጥር ወርቅ ሲሆን የቀረው መዳብ ነው። የአንድ አሥረኛ ሜፕል ሊፍ በሙሉ 3.11 ግራም ይመዝናል፤ የወርቁ መጠን ግን ያው ነው። ስለዚህ ባለ 22 ካራት ሳንቲም በጠቅላላ ክብደቱ ተሰልቶ እንደ ንጥር ወርቅ ሲሸጥልዎ ለመዳብ የወርቅ ዋጋ እየከፈሉ ነው። መዳቡ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም፤ ሳንቲሙን ያጠነክረዋል። ባለ 24 ካራቱ ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይጫራል።

ከእነዚህ ሌላ ለግዢ የሚመቹ የቆዩ ሳንቲሞች አሉ። የብሪታንያ ሶቨሪን ባለ 22 ካራት ሲሆን 7.99 ግራም ይመዝናል፤ ንጥር ወርቁ 7.32 ግራም ነው። የፈረንሳይና የስዊዘርላንድ 20 ፍራንክ 6.45 ግራም ይመዝናል፤ ንጥረቱ 900 ከሺህ ስለሆነ ንጥር ወርቁ 5.81 ግራም ነው። እነዚህ በብዛት ስለተሠሩ እንደ ብርቅ ቅርስ ሳይሆን እንደ ተራ ወርቅ ይሸጣሉ። የምንፈልገውም ይህንኑ ነው። ሻጩ ስለ ዓመተ ምሕረቱና ስለ ታሪኩ ብዙ ማውራት ከጀመረ፣ ዋጋው ውስጥ ወርቅ ያልሆነ ነገር ገብቷል ማለት ነው። ለሰብሳቢዎች ተወልውሎ በሣጥን የሚቀርበው ፕሩፍ የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ ወርቁ አንድ ሆኖ ሳለ ዋጋው ይበዛል፣ ሲሸጡት ግን ብዙ ነጋዴ የሚከፍለው የወርቁን ብቻ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ይሠራል። የዕለቱን የአንድ ግራም ንጥር ወርቅ ዋጋ በሳንቲሙ ንጥር ወርቅ ያባዙ። ሻጩ የጠየቀውን ለዚያ ያካፍሉ። ከ1 በላይ የሆነው ጭማሪው ነው። የትኛውም ገንዘብ ይሁን፣ ግራሙ 100 ነው እንበል። ሶቨሪን ውስጥ ያለው ወርቅ 732 ያወጣል፤ በ776 ከተሸጠ ጭማሪው 6 በመቶ ነው። የአንድ አሥረኛ አውንስ ሳንቲም ወርቁ 311 ነው፤ በ358 ከተሸጠ ጭማሪው 15 በመቶ ሆነ። አሁን ነጋዴው መልሶ ሲገዛ የወርቁን ዋጋ 98 በመቶ ብቻ ይሰጣል እንበል። የሶቨሪኑ ባለቤት ገንዘቡን ለመመለስ ወርቅ ወደ 8 በመቶ ገደማ መውጣት አለበት። የትንሿ ሳንቲም ባለቤት ግን 17 በመቶ ተኩል ገደማ መጠበቅ ይኖርበታል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ ልዩነቱ የሚመጣበት ምክንያት ግን እውነት ነው፦ ትንሿን ሳንቲም መቅረጽ፣ ማሸግና መሸጥ ከትልቋ ጋር ተቀራራቢ ወጪ አለው፤ ያ ወጪ የሚከፋፈለው ግን በጥቂት ግራም ላይ ነው።

በእኛ አስተያየት ለአብዛኛው ገዢ የሚሻለው የሩብ አውንስና የሶቨሪን መጠን ነው። አንድ አሥረኛው የሚጠቅመው በጣም በትንሽ በትንሹ መሸጥ ለሚያስፈልገው ሰው ነው። በየወሩ አንድ አሥረኛ ከሚገዙ፣ ገንዘቡን አጠራቅመው በየጥቂት ወሩ አንድ ሩብ ቢገዙ ወርቁ ይበዛልዎታል።

ነጋዴ ጋ ሲደውሉ ሁለት ዋጋ በአንድ ጊዜ ይጠይቁ፦ «ይህን ሳንቲም በስንት ትሸጣላችሁ? ይህንኑ አሁን ባመጣላችሁ በስንት ትገዙታላችሁ?» ሁለተኛውን ለመናገር የሚያቅማማ ነጋዴ ጋ አይግዙ። ቅዳሜና እሑድ ዋናው ገበያ ዝግ ስለሆነ፣ ሰኞ ዋጋው ቢዘል እንዳይጎዱ ብለው በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለውን ልዩነት የሚያሰፉ ነጋዴዎች አሉ፤ በሥራ ቀን መግዛት ይመረጣል።

አሁን ወደ ምርመራው። 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛንና ዲጂታል ካሊፐር (ስፋትና ውፍረት መለኪያ) ያስፈልጋል። ሁለቱም የኪስ ዕቃ ናቸው፤ ዋጋቸውም ከአንድ ሳንቲም ጋር አይወዳደርም። ሶቨሪን ዲያሜትሩ 22.05 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ ጠርዙ ላይ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የአንድ አሥረኛ ኢግል 16.5 ሚሊ ሜትር፣ የሩቡ 22 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ሦስቱን፣ ማለትም ክብደት፣ ስፋትና ውፍረትን አብሮ መለካት ግድ ነው፤ አጭበርባሪው አንዱን ወይም ሁለቱን ማስመሰል ይችላል፣ ሦስቱን ግን ይከብደዋል። ከነሐስ ተሠርቶ ወርቅ የተቀባ ሶቨሪን መጠኑ ልክ ከሆነ ክብደቱ 4 ግራም እንኳ አይሞላም። ክብደቱን ላሟላ ካለ ደግሞ ውፍረቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል።

ማግኔት የሚይዘው ሳንቲም ውድቅ ነው። ማግኔት የማይዘው ግን ገና ምንም አላረጋገጠም፤ መዳብ፣ ነሐስና እርሳስም አይያዙም።

ጥርጣሬ ካለ የውሃ ፈተና አለ። ሳንቲሙን አይጎዳም፦

1. ሳንቲሙን ደረቁን መዝነው ይጻፉ።
2. ግማሽ ድረስ ውሃ የያዘ ትንሽ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ ያስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ።
3. ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስረው ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ ያንጠልጥሉት። የብርጭቆውን ታችም ሆነ ጎን መንካት የለበትም።
4. ሚዛኑ የሚያሳየውን ያንብቡ፤ ደረቁን ክብደት ለዚያ ያካፍሉ።

ውጤቱ የሳንቲሙ እፍግታ ነው፤ ማለትም በመጠኑ ልክ ካለ ውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ያሳያል። ባለ 24 ካራት 19.3 አካባቢ፣ ባለ 22 ካራት ከ17.5 እስከ 17.8 መስጠት አለበት። ለሶቨሪን ሚዛኑ 0.45 ገደማ፣ ለሩብ አውንስ ሜፕል ሊፍ 0.40 ገደማ ያሳያል። ውጤቱ ዝቅ ካለ መጀመሪያ ሳንቲሙ ላይ የተጣበቀ የአየር አረፋ ይፈልጉ፤ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ውሃው ላይ መጨመር አረፋውን ያስለቅቃል። ውጤቱ ከልክ በላይ ከፍ ካለ ደግሞ ሳንቲሙ ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አልገባም። ለአንድ አሥረኛ ሳንቲም ግን 0.01 የሚለይ ሚዛን አይበቃም። ንባቡ 0.19 ወይም 0.16 ብቻ ስለሆነ የአንድ አሃድ ስሕተት ውጤቱን በ5 ወይም በ6 በመቶ ያዛባል። 0.001 የሚለይ ሚዛን ያስፈልጋል፤ ይህም ትንሿን ሳንቲም ላለመግዛት ሌላ ምክንያት ነው።

የውሃው ፈተና የማይይዘው ተንግስተን የሚባለውን ከባድ ብረት ነው። እፍግታው 19.25 ስለሆነ ከንጥር ወርቅ ጋር እኩል ሊባል ይችላል። ተንግስተን ጠንካራና ተሰባሪ በመሆኑ እንደ ወርቅ ተመትቶ ምስል አይወጣለትም፤ በወርቅ ሽፋን ውስጥ መደበቅ አለበት። ይህ በቀጭን ሳንቲም ላይ ብዙ ልፋት ለጥቂት ትርፍ ስለሆነ የሚያሰጋው ይበልጥ የወርቅ ጡብና ትልልቅ ሳንቲም ላይ ነው። የሚያጋልጠው የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያ ነው፤ ተንግስተን የሚያስተላልፈው ከንጥር ወርቅ ግማሽ እንኳ አይሞላም። በኤክስሬይ የሚሠራው መሣሪያ ግን የሚያነበው ላይኛውን ገጽ ብቻ በመሆኑ ብቻውን አይበቃም።

በዓይን ሲያዩ ከፊቱ ይልቅ ጠርዙን ይመርምሩ። ጥርሶቹ እኩል ናቸው? ዙሪያውን የሚዞር የመጋጠሚያ መስመር አለ? ጠርዙ ላይ የብየዳ ምልክት ካለ ሳንቲሙ በፊት የአንገት ጌጥ ነበር፤ ወርቁ እውነተኛ ቢሆንም በቅናሽ ካልሆነ አይወሰድም። ቀላ ያለ ነጠብጣብ ግን አያስደንግጥዎ፤ እውነተኛ ሳንቲም ላይም ይወጣል። አሮጌ ሶቨሪን በመያዝ ብዛት ይሳሳል፤ ከ7.94 ግራም በታች ከሆነ በቁጥር ሳይሆን በክብደት ይግዙት።

ከገዙ በኋላ አይወልውሉት። ፖሊሽም ሆነ ጨርቅ ገጹን ይጭረዋል፤ ገዢም የተጫረውን ያውቀዋል። ባለ 24 ካራቱን በልኩ በተሠራ ጠንካራ ካፕሱል (የሳንቲም ማስቀመጫ) ውስጥ ያኑሩ። ለስላሳውና የሚሸተው ፒቪሲ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ የሚያጣብቅ ቅሪት ይተዋል። ሲይዙት ጠርዙን ብቻ ይያዙ።

ደረሰኙ ላይ የሳንቲሙ ስም፣ ዓመቱ፣ ክብደቱና ብዛቱ ተለይቶ ይጻፍ፤ «ወርቅ» ብቻ የሚል ደረሰኝ ሲሸጡ አይረዳዎትም። ሁለቱን ፊትና ጠርዙን ፎቶ አንሥተው ከለኩት ክብደት ጋር፣ ሳንቲሞቹ ካሉበት ሌላ ቦታ ያስቀምጡ። የቤት ኢንሹራንስ ካለዎት ለወርቅ የተቀመጠውን ጣሪያ ያንብቡ፤ ከሌላው ንብረት በጣም ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል። ሲሸጡም ቢያንስ ሦስት ነጋዴ ይጠይቁ። የሚሰጡዎትን ዋጋ የዕለቱ ወርቅ ስንት በመቶ እንደሆነ አስልተው ያወዳድሩ፤ ዋጋው በሰዓታት ውስጥ ስለሚለዋወጥ የጠዋቱን ጥሪ ከማታው ጥሪ ጋር በገንዘብ ማወዳደር ያሳስታል።