ዚግዛጉ የሸማውን ጫፍ ሲሰበስብብኝ ያገኘሁት መላ

ልጄ ጥር 11 ለጥምቀት ለብሳው ወደ ጎንደሩ ፋሲል መዋኛ የምትወርደውን የሐበሻ ቀሚስ ቤት ውስጥ በስፌት መኪና እየሰፋሁላት ነበር። የተቆረጠው ጫፍ እንዳይተረተር በዚግዛግ፣ ማለትም ግራና ቀኝ በሚመላለስ ስፌት፣ ልይዘው ብል ሸማው ከስፌቱ ሥር ተጠቅልሎ እንደ ገመድ ጎበጠ። ፈትቼ ደግሜ ሰፋሁት፤ ያው ነው።

መጀመሪያ መርፌውን ጠረጠርኩ። 90 ቁጥር ለስስ ሸማ ወፍራም ስለሆነ በ70 ቀየርኩት። ቀዳዳው አነሰ እንጂ መሰብሰቡ አልቀረም። ለካ ዋናው ጥፋት የላይኛው ክር መጥበቁ ነው፤ ዚግዛግ ግራና ቀኝ በተመላለሰ ቁጥር ጫፉን ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ስስ ጨርቅ ደግሞ አይቋቋመውም። የክሩን ማጥበቂያ ከ4 ወደ 3 አላላሁት፣ የስፌቱን ስፋት ከ5 ወደ 3 ሚሊሜትር ቀነስኩ፣ ከጨርቁ ሥርም ስስ ነጭ ወረቀት አነጠፍኩ። ጋዜጣ አይሆንም፣ ቀለሙ ሸማውን ያቆሽሸዋል።

ጫፉ ዝርግ ብሎ ተኛ! ወረቀቱም መርፌው በበሳው መስመር ቀስ ሲሉት ተቀዶ ወጣ። ስፋቱን ስትቀይሩ ግን መርፌው ከጨርቁ በላይ ይሁን፤ ጨርቁ ውስጥ እያለ ከተንቀሳቀሰ ይታጠፋል ወይም ይሰበራል።