የቡና ቅጠል የብርሃን ኩርባ ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

የቅጠል ፎቶሲንተሲስ ብርሃን ሲጨምርና ሲቀንስ እንዴት እንደሚለዋወጥ እንደ ላይኮር 6400 ወይም 6800 ባለ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ስንለካ የምንጠብቀው መስመር፣ ማለትም የብርሃን ኩርባው፣ ይታወቃል። በጨለማ ከዜሮ በታች ይጀምራል። በደካማ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ከዚያ ይጠማዘዝና ይተኛል። ይህ ቅርጽ ሲበላሽ ብዙዎቻችን መሣሪያውን እንጠረጥራለን። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ስቶማታው፣ ማለትም ቅጠሉ አየር የሚያስገባባቸውና የሚያስወጣባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ ምን ያህል እንደተከፈተ የሚነግረውን ኮንዳክታንስ ነው።

ኩርባው ቶሎ ይተኛል፣ ጣሪያውም ዝቅተኛ ነው

ቡና ላይ በጣም የሚያስቸግረው ይሄ ነው። ቡና የጥላ ተክል ስለሆነ ቅጠሉ ከ300 እስከ 600 ማይክሮሞል በካሬ ሜትር በሰከንድ በሚሆን ብርሃን ሊጠግብ ይችላል። የቀትር ፀሐይ ደግሞ ወደ 2000 ይጠጋል። ስለዚህ ቶሎ መጥገቡ ብቻውን ስህተት አይደለም። ጤነኛ የሚመስል ቅጠል የፎቶሲንተሲስ ጣሪያው በዚያው መለኪያ 2 ወይም 3 ማይክሮሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ ከቀረ ግን ጠርጥሩ።

ብርሃኑን ሳትነኩ ኮንዳክታንሱን ለ10 ደቂቃ ያህል ተከታተሉ። እየጨመረ ከሆነ ቅጠሉ ገና አልነቃም። ጥላ ውስጥ የቆየ ቅጠል ስቶማታውን ለመክፈትና ኢንዛይሞቹን ለማንቃት 20 ወይም 30 ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ታገሱት።

እየቀነሰ ከሆነ ግን አየሩ ሳይደርቅበት አልቀረም። ቡና ደረቅ አየር አይወድም፤ ቀኑ ሲሞቅ ስቶማታውን ይዘጋል። በቅጠሉ ውስጥ ያለውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠንም እዩ። እሱም አብሮ ከወረደ በሩ ተዘግቷል ማለት ነው። ፎቶሲንተሲሱ ወርዶ እሱ ከፍ እንዳለ ከቀረ ግን ችግሩ ከስቶማታው አልፎ ቅጠሉ ውስጥ ነው፤ ቅጠሉ ያረጀ፣ የታመመ ወይም ፀሐይ የጎዳው ሊሆን ይችላል። ሌላ ቅጠል ምረጡ።

መፍትሄው ከሰዓቱ ይጀምራል። ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ለኩ። ተማሪ ሳለሁ ከምሳ በኋላ የለካኋቸውን የቡና ኩርባዎች በሙሉ መጣል ነበረብኝ፤ አሁንም ድረስ ይቆጨኛል። የቅጠሉን ሙቀት 25 ዲግሪ አካባቢ አቆዩት። የአየሩ የእርጥበት ጉድለት ከ1.5 ኪሎፓስካል እንዳይበልጥ እርጥበት መጣጩን ቀንሱ። ቅጠሉን በጠንካራ ብርሃን አንቅታችሁ ከላይ ወደ ታች ውረዱ። ከታች ጀምራችሁ በችኮላ ከወጣችሁ ስቶማታው አይደርስላችሁም፣ ጣሪያውም ያለአግባብ ዝቅ ይላል። የጥላ ቅጠልን ግን በ1500 አታስጨንቁት፤ ከ600 እስከ 800 ይበቃዋል።

ቁጥሩ ይዘልላል

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የራሳችን ትንፋሽ ነው። የውጭ አየር ወደ 420 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 420 እጅ) ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲይዝ የምናስወጣው ትንፋሽ ወደ 40,000 ይደርሳል። ከነፋሱ በታች ቁሙ። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ካርትሪጅ ከሌላችሁ የአየር መሳቢያውን ቱቦ ንጹሕና ደረቅ በሆነ ትልቅ ጀሪካን በኩል አሳልፉት፤ ውጣ ውረዱን ያለሰልሰዋል።

በጨለማ ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ነው፣ ወይም አተነፋፈሱ የማይታመን ነው

ቻምበሩን፣ ማለትም ቅጠሉን የሚይዘውን ክፍል፣ ባዶውን ዝጉ። ንባቡ ዜሮ አካባቢ ካልሆነ ሁለቱ የጋዝ መለኪያዎች አልተስማሙም፤ ማች አድርጉ፣ ማለትም መሣሪያው ሁለቱን እንዲያስማማ እዘዙት። በደካማ ብርሃን ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ እኔ በየደረጃው ማች አደርጋለሁ። ቀጥሎ በጋስኬቱ፣ ማለትም በቻምበሩ ጠርዝ ባለው ስፖንጅ፣ ዙሪያ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ። የውስጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከዘለለ ጋስኬቱ አየር ያሾልካል ማለት ነው። የቡና ቅጠል መሃል አጥንቱ ወፍራም ስለሆነ ጋስኬቱ በላዩ ላይ አይገጥምም። ከጎኑ ያዙ። ሥራ ስትጨርሱ ቻምበሩን ዘግታችሁ አታሳድሩት፤ ስፖንጁ ይጨፈለቃል።

ጤፍ ላይ ሁሉም ቁጥር ያነሰ ነው

ስፋቱን አስተካክሉ። የተለመደው ቻምበር 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፣ ጤፍ ግን አይሞላውም። 4 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቅጠሎች በ3 ሴንቲሜትር ርዝመት 2.4 ካሬ ሴንቲሜትር ብቻ ይሆናሉ። 6 ብላችሁ ከተዋችሁት እውነተኛው 25 የሆነ ንባብ 10 ሆኖ ይታያል። ደግነቱ ጥሬው መረጃ ካለ በኋላም ይታረማል። ቅጠሎቹን ሳይደራረቡ ጎን ለጎን ደርድሩ፣ ስፋታቸውንም በማስመሪያ ለኩ። የጤፍ ኩርባ በ1500ም ባይተኛ አትደንግጡ፤ ጤፍ ሲ4 ተክል ነው፣ ማለትም ጠንካራ ብርሃንን ከቡና የበለጠ ይጠቀማል።

ኮንዳክታንሱ ትርጉም የለውም

ጤዛ ያለበትን ቅጠል አትለኩ፤ የሚተነው ውሃ ከስቶማታ የወጣ መስሎ ይቆጠራል። ካልሆነ የሙቀት መለኪያው ሽቦ የቅጠሉን የታችኛውን ገጽ መንካቱን አረጋግጡ።

ከባሕር ጠለል አካባቢ ከተሠራ ጥናት ጋር አይገጥምም

ይሄ ብልሽት ላይሆን ይችላል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ የአየር ግፊቷም ወደ 77 ኪሎፓስካል ነው። 400 ፒፒኤም እዚህ 31 ፓስካል ገደማ ነው፣ ባሕር ጠለል ላይ ግን ወደ 40። ስታወዳድሩ በፓስካል አወዳድሩ።

የመጀመሪያው ቀጥ ያለ ክፍል ይሰበራል

ከ20 በታች በሆነ ብርሃን መስመሩ ትንሽ ቢታጠፍ ኮክ ኢፌክት የሚባለው ሊሆን ይችላል፤ ብርሃን የቅጠሉን አተነፋፈስ ስለሚቀንስ የሚመጣ ነው። ነጥቦቹን አትሰርዟቸው። ተዳፋቱን ስታሰሉ ግን ከእጥፋቱ በላይ ካሉት፣ ለምሳሌ ከ30፣ 50፣ 75 እና 100፣ አስሉት።