ስታንት ለመልመድ ሳይክል ስትገዙ ከእነዚህ ስህተቶች ራቁ

ስልክ ላይ አንድ ልጅ በትንሽ ሳይክል ደረጃ ሲዘል፣ የብረት መደገፊያ ላይ ሲንሸራተት ታያላችሁ። ስታንት የሚባለው ይህ ነው። ልባችሁ ይነሳል። ደብረ ብርሃንም ሁኑ ሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ሲናም ሁኑ መሐል ሜዳ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ የቱን ልግዛ?

ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። እኛ አካባቢ የገዙትን ሳይክል መልሶ መቀየር ጣጣ አለው። የተሻለ ምርጫ ፍለጋ ከደብረ ብርሃን እንኳ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን አንብቡ።

ማርሽና ሞላ ያለውን መምረጥ

ሱቅ ስትገቡ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው ትልቁ ማውንቴን ላይ ነው። 21 ማርሽ፣ ከፊት ሞላ፣ አንዳንዱም ከኋላ ሞላ። ለዳገትና ለሩቅ መንገድ ግሩም ነው። ለስታንት ግን አይሆንም። ለመዝለል መጀመሪያ ሳይክሉን ወደ መሬት ትጫኑታላችሁ፣ ከዚያ ትስቡታላችሁ። ሞላ ካለው ያን ጉልበት ሞላው ይበላዋል። ከኋላ በቀኝ በኩል የተንጠለጠለው ማርሽ ቀያሪ ደግሞ የኮብል ስቶን ጠርዝ የነካው ቀን ይጣመማል።

ለዚህ ሥራ የሚሆነው ቢኤምኤክስ የሚባለው ነው። አጀማመሩ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪዎችን ያዩ ልጆች በሳይክላቸው አቧራ ላይ እነሱን መምሰል ጀመሩ፣ ሳይክሉም እያደር ለዝላይ ተስማምቶ ተሠራ። ባለ 20 ኢንች ጎማ፣ አጭር፣ አንድ ማርሽ ብቻ፣ ሞላ የሌለው።

ትልቅ ሳይክል ካላችሁ ግን አትሽጡት። ደብረ ብርሃን ላይ ከጠባሴ ሰፈር መሀል ከተማ በቢኤምኤክስ መመላለስ ጉልበት መጨረስ ነው።

የሕፃን ሳይክል ገዝቶ መምጣት

በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ነው። የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ ሳይክልም ጎማው 20 ኢንች ነው። ነበልባል ተስሎበት፣ ቢኤምኤክስ የሚል ስቲከር ተለጥፎበት ይሸጣል። ስቲከሩ ዋስ አይሆናችሁም።

ሻጩን አስፈቅዱና ሳይክሉን ገልብጡት። በመቀመጫውና በመሪው ይቁም። አሁን ፔዳሎቹን የያዘውን ክንድ እዩ። ከግራ ፔዳል ተነስቶ፣ በፍሬሙ ውስጥ አልፎ፣ ቀኝ ፔዳል ድረስ አንድ ወጥ የታጠፈ ብረት ከሆነ ተዉት። የምትፈልጉት ሦስት ቁራጭ ነው፦ መሀል ላይ ዘንግ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ክንዶች፣ በቡሎን የታሰሩ። አንድ ወጡ ከደረጃ ላይ ደጋግመው ሲወርዱበት ይጣመማል። ከዚያ ወዲያ ፔዳል በመታችሁ ቁጥር እግራችሁን ያወዛውዛችኋል። በመዶሻ ቢያቃኑትም ተመልሶ እዚያው ነው። ፔዳሉን ብቻ በጥሩ ልቀይር ብትሉም አይሆንም። የአንድ ወጡ ፔዳል ጥርስ ግማሽ ኢንች ነው፣ የሦስት ቁራጩ ደግሞ 9/16 ኢንች። አይገጣጠሙም።

ቀጥሎ የኋላ ጎማውን ዘንግ እዩ። ለስታንት የተሠራው 14 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። የሕፃኑ ከ10 አይበልጥም። ማስመሪያ ይዛችሁ ሱቅ መግባት ካሳፈራችሁ 17 ቁልፍ ኪሳችሁ ክተቱ። የ14ቱ ዳዶ አብዛኛውን ጊዜ በ17 ይፈታል፣ የቀጭኑ በ15።

ብረቱስ? ጥሩው ክሮሞሊ ይባላል፣ ብዙ ጊዜ 4130 የሚል ቁጥር ፍሬሙ ላይ ይጻፍበታል። ለጀማሪ ፍሬሙ ተራ ብረት ቢሆንም ችግር የለውም፣ ይከብዳል እንጂ። ክንዶቹና የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ ግን ክሮሞሊ ቢሆኑ እመርጣለሁ። ሹካ አየር ላይ ሳላችሁ ቢሰበር የምታርፉት በፊታችሁ ነው።

«ያድግበታል» ማለት

ይህ ለወላጆች ነው። ዩኒፎርም ስትገዙ ሰፋ አድርጋችሁ ትገዛላችሁ፣ ልጁ ያድግበታል። ሳይክል ላይ ይህ አይሠራም። የረዘመበትን ሳይክል ልጁ መሳብ ያቅተዋል፣ ሳይለምድ ይሰለቻል፣ ሳይክሉም ጓዳ ገብቶ የሽንኩርት ማስቀመጫ ይሆናል።

የአዋቂዎቹ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ 20 ኢንች ስለሆነ ልኩ የሚለካው በላይኛው የፍሬም ቱቦ ነው፣ ከመሪው ሥር እስከ መቀመጫው ሥር። ቁመቱ ከ165 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆነ ከ20 እስከ 20.5 ኢንች ይበቃል። እስከ 180 ድረስ 20.75 አካባቢ። ከዚያ በላይ 21 ወይም ትንሽ ከፍ ያለ። ገና 145 ያልደረሰ ልጅ ባለ 18 ኢንች ጎማ ቢይዝ ይሻለዋል። ልዩነቱ በሩብ ኢንች ስለሆነ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ።

መቀመጫው ዝቅ ማለቱን አይታችሁ «ይህ ያንሰኛል» አትበሉ። ስታንት የሚሠራው ቆሞ ነው። ከፍ ካደረጋችሁት ስትዘሉ ሆዳችሁን ይመታችኋል።

ፍሬኑን ማስወለቅ

ቪዲዮ ላይ ከምታዩዋቸው ብዙዎቹ ፍሬን የላቸውም። ያምራል። ግን እነሱ ዓመታት የለመዱ ናቸው። ሲያቆሙም ጫማቸውን የኋላ ጎማ ላይ ጭነው ነው።

እናንተ ያላችሁበትን መሬት እዩ። የደሴ መንገድ ደብረ ብርሃንን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው፣ ከነተሳቢው ከነባጃጁ። ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ሲጥል ጠዋት ላይ ድንጋዩ ያንሸራትታል። ቢኤምኤክስ ደግሞ ሲጀመርም ፍሬኑ አብዛኛውን ጊዜ የኋላው ብቻ ነው። እሱኑ አታስወልቁት። ጣርማበር ላይ ጣሊያን ካስቆፈረው ዋሻ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ቁልቁለት ታውቁታላችሁ። እዚያ በአንድ የኋላ ፍሬን መውረድ ራሱ እብደት ነው። ሳይክሉን ሚኒባስ ላይ ጭናችሁ ውረዱ።

«መሪውን ሳዞር የፍሬኑ ካቦ ይጠመጠምብኛል» የሚል አይጠፋም። ለዚያ ጋይሮ የሚባል መገጣጠሚያ አለ። ረዘም ያለ ካቦ ማስገባትም ይቻላል። ግን መሪ ከማዞር በፊት ሁለቱንም ጎማ አንስቶ መዝለል ይቅደም፣ ያን ጊዜ ካቦው ምንም አይላችሁም።

አራት ፔግ በአንዴ መግጠም

ፔግ ማለት ከጎማው ዘንግ ጋር የሚታሰረው አጭር ቱቦ ነው፣ ብረት ላይ የሚያንሸራትተው። መጀመሪያ ምንም አትግጠሙ። ያለ ፔግ ሳይክሉ ይቀላል፣ መዝለልም ቶሎ ይለመዳል። ሲደርስ ሁለት ይበቃችኋል፣ አንድ የፊት አንድ የኋላ፣ በሚመቻችሁ ጎን።

ቶርኖ ቤት ማሠራት ይቻላል፣ ርካሽም ነው። ግን ቀዳዳውን በዘንጉ ልክ አስደርጉ። የፊቱ ዘንግ ብዙ ጊዜ 10 ሚሊ ሜትር ነው። በ14 የተቀደደ ፔግ ካስገባችሁበት ያለ ማጥበቢያ ቀለበት ይወዛወዛል፣ ዳዶውን ያላላዋል። ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ደጅና የሰው አጥር ላይ አትለማመዱ። ጠባሳው አይጠፋም፣ ሰፈሩ ሁሉ ሳይክላችሁን ይጠላዋል።

እግረ መንገዴን፦ ፍሪኮስተር ያለው የኋላ ጎማ ግዙ ቢሏችሁ ለጊዜው እለፉት። ወደ ኋላ ሲንከባለሉ ፔዳሉ እንዳይዞር ያደርጋል፣ ጥሩ ነው። ውድ ነው፣ ሲበላሽም የሚያውቀው መካኒክ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

ስለ ጎማ አለማሰብ

መልካም ዜናው፣ የውስጥ ጎማ አያስቸግራችሁም። ሰፊው ባለ 20 ኢንች የልጆች ሳይክል የውስጥ ጎማ ይገባል። መንፊያው አብዛኛውን ጊዜ እንደ መኪናው ስለሆነ ጎሚስታ ቤት ይነፋል። ችግሩ የጎሚስታው መንፊያ ኃይለኛ፣ ጎማው ትንሽ መሆኑ ነው። በአንዴ ከለቀቀበት ይፈነዳል። ትንሽ ትንሽ እንዲያስገባ ንገሩት፣ በየመሀሉ ይለካ። ለመንገድ ከ50 እስከ 65 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይመቻል፣ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ግን አትለፉ። የውጪው ጎማ ስፋቱ 2.3 ወይም 2.4 ኢንች ይሁን። ቀጭኑ ጎማ ከከፍታ ሲያርፍ ቸርኬውን ያስጎዳል።

ያገለገለውን ቀለም አይቶ መግዛት

ያገለገለ ጥሩ ቢኤምኤክስ ከአዲስ የሕፃን ሳይክል ይበልጣል፣ እኔ ሁሌም የምመክረው እሱን ነው። ግን አዲስ ቀለም ያለው አሮጌ ሳይክል ስታዩ ተጠራጠሩ። ለምን ተቀባ?

በጣታችሁ የመሪውን ሥር ዳብሱ፣ በተለይ ከፊት ሹካው ጀርባ የታችኛው ቱቦ የሚጋጠምበትን ቦታ። እብጠት፣ መጨማደድ ወይም ከቀለሙ ሥር ጉርብጥብጥ የሚል የብየዳ ምልክት ካገኛችሁ አትግዙ። ክሮሞሊ ቱቦ ስስ ነው፣ እንደ በር ብረት ተበይዶ አይጠነክርም፣ ብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል። ቀጥላችሁ የፊት ጎማውን ግድግዳ ላይ አስጠግታችሁ ሳይክሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቁት። መሪው ሥር ቋ ቋ ካለ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም ተበልቷል። መላላቱ በቁልፍ ይስተካከላል፣ የተበላው ግን ወጪ ነው፣ ከዋጋው አስቀንሱ። ሁለቱንም ጎማ አንስታችሁ አሽከርክሩና ከጎን ሳይሆን ከኋላ ሆናችሁ እዩ፣ ቸርኬው ግራና ቀኝ ይወላገዳል ወይ? ትንሽ ከሆነ በሽቦዎቹ ይቃናል።

የተረፋችሁን ብር በቀለማም ፔዳል አትጨርሱት፣ ሄልሜት ግዙበት። ያገለገለ ሄልሜት ግን አይሆንም፣ ውስጡ መሰንጠቁ ከላይ አይታይም።

ከገዛችሁ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ሳምንት ዳዶዎቹንና ቡሎኖቹን በየቀኑ አጥብቁ፣ በተለይ የክንዶቹንና የመሪውን። አዲስም ሆነ አሮጌ ይላላሉ። ሻጩ «ይሄ ሁሉ ምርመራ ለምንድን ነው ወንድሜ?» ብሎ ከተቆጣ ደግሞ አመስግናችሁ ውጡ።